መድረኩ ሠላሳ ደቂቃ ነው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ሊያማክረኝ መጣ። የአምልኮ መጋቢ መሆን ይፈልጋል። ድምፁ ያምራል፤ ኪቦርድም ደህና አድርጎ ይጫወታል። ብዙ ካወራን በኋላ "ጋሼ፣ የትኛውን ኪቦርድ ብገዛ ይሻለኛል?" አለኝ። "ቀላሉን" አልኩት። "ርካሹን ማለትዎ ነው?" አለ ግራ ተጋብቶ። ኧረ በኪሎ ቀላሉን! ተሸክሞት ደረጃ የሚወጣው እሱ ራሱ ነዋ።

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። በዚህ አገልግሎት ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ ማይክ ከያዝኩበት ጊዜ ገመድ የያዝኩበት ይበልጣል። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

እሁድ መድረክ ላይ የምንቆየው ሠላሳ ደቂቃ ነው። ቢረዝም አርባ። "ታዲያ ሌላውን ሳምንት ምን ትሠራለህ?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ የገዛ ልጄ ሳትቀር ጠይቃኛለች። ሰኞ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣለሁ። ትናንት በየትኛው መዝሙር ላይ ሰው አብሮን ዘመረ፣ በየትኛው ላይ ዝም ብሎ አየን፣ እሱን እጽፋለሁ። ማክሰኞ ከሰባኪው ጋር ቁጭ ብለን የሚሰበከውን ክፍል እናነባለን። ረቡዕ መዝሙር እመርጣለሁ፤ ቅጂውንና ኪውን (መዝሙሩ የሚዘመርበትን የድምፅ ከፍታ) ለሙዚቀኞቹ እልካለሁ። ሐሙስ ጥናት ነው። ዓርብ ለስክሪን የሚሆነውን ግጥም አዘጋጅቼ የፊደል ስህተት እለቅማለሁ። (ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ፊደል ተሳስታ ጉባኤው በሙሉ መሳቅ በሌለበት ሰዓት ሲስቅ አይቻለሁ።) በመሃል ደግሞ ስልክ አለ። የአንዷ ዘማሪ እናት ሆስፒታል ገብተዋል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ልጅ ከሥራ ተቀንሷል። ሁለት ዘማሪዎች ተኮራርፈው አንዱ ባለበት አልቆምም እየተባባሉ ነው።

ወጣት ሳለሁ እነዚህ ስልኮች ያናድዱኝ ነበር። "ሥራ አላሠራ አሉኝ" እል ነበር። ለካ ሥራው እነሱ ኖረዋል።

አንድ እሁድ ልንገራችሁ። አራት ፈጠን ያሉ የደስታ መዝሙሮች መርጬ ነበር። ሙዚቀኞቹ ተዘጋጅተዋል፤ ሳውንዱም አምሮበታል። ሁለተኛው መዝሙር ላይ "እስቲ ፊታችን ይፈታ፣ ዛሬ ማንም እንዳያዝን!" አልኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ ተነስታ ወጣች። ባሏ ተከተላት። ረቡዕ ዕለት ልጃቸውን ቀብረው ነበር።

አልሰማሁም ነበር። ግን መስማት እችል ነበር፤ የምእመኑ ግማሽ ያውቃል። እኔ ያን ሳምንት በሙሉ የአንዲት መዝሙር መግቢያ ሳሳምር ነው የከረምኩት። ስምንት ባር የማትሞላ መግቢያ።

ከዚያ ወዲህ መዝሙር ከመምረጤ በፊት ለሁለት ሰዎች እደውላለሁ። አንዱ ሕሙማንን የሚጠይቁት ሽማግሌ ናቸው። ሌላዋ የሴቶችን ኅብረት የሚያስተባብሩት እናት። "ማን ምን ሆነ?" ብቻ ነው ጥያቄዬ። ዝርዝሬ የሚጀምረው ከእነሱ መልስ ነው።

መዝሙረ ዳዊትን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ከ150ው መዝሙር ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆነው እሮሮና ልመና ነው። 13ኛው "እስከ መቼ?" ብሎ ይጀምራል። 88ኛው ደግሞ ሲያልቅ እንኳ ብርሃን አያይም፤ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል "ጨለማ" ነው። የእኛ የመዝሙር ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ከሌላው ክፍል ብቻ የተቀዳ ይመስላል። "ሰው እኮ ሊደሰት ነው የሚመጣው" የሚለኝ አላጣሁም። ይምጣ፣ ይደሰት። ነገር ግን በየሳምንቱ ከተሰበሰበው ውስጥ አንድ ልቡ የተሰበረ ሰው ይኖራል። ለእሱ አንድ መዝሙር አስቀምጡለት። ቀስ ያለ ሁሉ የሐዘን መዝሙር ነው ብላችሁም አትሸወዱ፤ ዜማው ያለቅሳል፣ ግጥሙን ስታዩት ግን ሐዘንተኛውን "ለምን አዘንክ?" ብሎ የሚቆጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ግጥሙን የማየው እንዲህ ነው። ያለ ዜማ፣ እንደ ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ዜማ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመንፈስ እዘምራለሁ፣ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ ብሎ ሲጽፍ ሁለተኛውን ያለ ምክንያት አልጨመረም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በዚህ ተጨንቆበታል። ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዝማሬው ልቤን ሲነካው በደልኩ፣ ያን ጊዜ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር ብሎ ተናዟል። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም፤ ያማረ ዜማ እወዳለሁ። ግን ሳነበው አፍሬ የምዘላት ስንኝ ካለች መዝሙሩ ከዝርዝሬ ይወጣል። የፈለገውን ያህል ታዋቂ ይሁን።

አሁን ወደ ኪ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁና ረዘም ላድርገው።

አንድ አዛውንት ከአገልግሎት በኋላ ያዙኝና "ልጄ፣ ዝማሬው ግሩም ነበር። እኔ ግን አልደረስኩበትም" አሉኝ። ነገሩ መንፈሳዊ መስሎኝ ላጽናናቸው ጀመርኩ። "አይ፣ ከፍ አለብኝ ነው የምልህ" አሉ። ለካ ከቅጂው ላይ እንዳለ የወሰድኩት ኪ ነው። በቅጂ ላይ ያለው ዘማሪ ኪውን የሚመርጠው ለራሱ ጉሮሮ ነው። ድምፁ የሚያበራበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እውነቱን ነው። ጉባኤው ግን ያልሠለጠነ፣ ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ልጅም ያለበት ነው። አብዛኛው ሰው የሚመቸው ከታችኛው ኤ ኖታ እስከ ላይኛው ዲ ኖታ ባለው ውስጥ ነው። ቀጥላ ያለችውን ኢን ለአንድ አፍታ ይነካታል፤ እዚያ ላይ ግን ኑር ስትሉት አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት የመጀመሪያ ሥራዬ የመዝሙሩን ከፍተኛ ኖታ ፈልጌ ማግኘት ነው። ከዲ በላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ዝቅ አደርገዋለሁ። ዘማሪዋ ታኮርፋለች፤ ጊታሪስቱም ካፖውን (የጊታሩን ኪ የሚቀይርበትን መቆንጠጫ) እየፈለገ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ማየት የማትችሉትን ነገር ለመስማት ሌላም ዘዴ አለኝ። በጥናት ሰዓት አንዱን መዝሙር ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ እናስኬደዋለን። ቆሞ መሄድ ከቻለ ጉባኤውም ይዘምረዋል። ከወደቀ የያዘው ድራሙ ነበር ማለት ነው። እሁድም ቢያንስ አንዴ መሣሪያውን አስቆማለሁ። ያኔ የሰዉ ድምፅ ካልተሰማ ሰኞ የምጽፈው ነገር አገኘሁ። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ገዥ እ.ኤ.አ. በ112 አካባቢ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ስለ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ በመቀባበል ይዘምራሉ አለ። ሞኒተር (ዘማሪ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) አልነበራቸውም መቼስ።

ስለ ሳውንድ ሳወራ አንድ ዕዳ አለብኝ። ከዓመታት በፊት በመዝሙር መሃል ስፒከሩ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት አወጣ። እኔም በማይኩ "አንተ፣ ተኝተሃል እንዴ?" አልኩት ሚክሰር ላይ ተቀምጦ ድምፅ የሚያስተካክለውን ልጅ። ሰው ሳቀ። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። በኋላ ነገሩን ሳጣራ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። በስሜት ወደ ፊት እየሄድኩ ከዋናው ስፒከር ፊት ቆሜያለሁ። ማይኩ ስፒከሩ ያወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ ያንኑ ደግሞ ሲልክ፣ ደግሞ ሲሰማ ነው ፉጨቱ የሚፈጠረው። ልጁ የማይኩን ድምፅ ለማውረድ እጁን ዘርግቶ ነበር። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። በአደባባይ አዋርጄው በጓዳ መታረቄ ስላልበቃኝ በሚቀጥለው እሁድ በዚያው ማይክ ደገምኩት። ዛሬ ሌሎችን የሚያሠለጥነው እሱ ነው፤ እኔም ከስፒከር ፊት አልቆምም።

ድምፅ መጠን ላይ ደግሞ አትከራከሩ፣ ለኩ። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት ይቀራችኋል። 100 ላይ 15 ደቂቃ። ድራሙ አጠገብ የሚቆመው ዘማሪ እሁድ ብቻ ሳይሆን ሐሙስም እዚያው እንደሚቆም አትርሱ። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተካከላችሁት ድምፅም ሰው ሲሞላ ይቀየራል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣል። በተለይ ቀጭኑን። ስለዚህ ቅዳሜ ያማረ ነገር እሁድ ቢደበዝዝ ሰይጣንን አትክሰሱ።

ወደ ሌላ ነገር ልለፍ። "መንፈስ ቅዱስ ይመራናል" እያሉ ጥናት የሚቀሩ ልጆች ያጋጥሟችኋል። ይምራን፣ አሜን። ግን በ1ኛ ዜና 15 ላይ ክናንያ ዜማ ላይ የተሾመው አዋቂ ስለነበረ እንደሆነ ተጽፏል። ምዕራፍ 25 ላይ ደግሞ በዝማሬ የሠለጠኑት ተቆጥረው 288 ሆኑ። ዕጣ ተጣጥለው በ24 ክፍል ተመደቡ፤ ታናሹ ከታላቁ፣ አስተማሪው ከተማሪው ሳይለይ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትገርመኛለች። የመድረክ ተራ በዕጣ! እኛ ዘንድ ቢሆን ስንቱ ይቀየም ነበር። ጎበዞቹን ብቻ እያቆማችሁ ጀማሪዎቹን ዓመቱን ሙሉ ወንበር ካስደረደራችኋቸው ግን የዛሬ አምስት ዓመት የሚቆም ሰው አታገኙም። እኔ ጀማሪውን ከአንጋፋው አጠገብ አቆመዋለሁ። ማይኩን መጀመሪያ ዝቅ አስደርጌ፤ ልጁም ያውቃል።

ድምፃችሁን ጠብቁ። እሁድ ጠዋት መድረክ ላይ የምትጠጡት ውሃ የድምፅ አውታራችሁን አያርሰውም፤ ውሃ የሚወርደው በሌላ ቧንቧ ነው። ሰውነት አዳርሶት እዚያ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠጡ። ጉሮሮአችሁ ተዘግቶ ሦስት አራት ሳምንት ካለፈው ማር ተዉና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቤታችሁንም ጠብቁ። ስለዚህ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። ሌላው ሰው ሲያርፍ እኛ ሥራ ላይ ነን፤ እሁድም በዓልም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ የጀመርኩት ካገባሁ በ11 ዓመቴ ነው። ረፍዶ ነበር።

እና አንድ የሚከብደኝ ነገር። ሰው እያለቀሰ፣ እጁን እያነሳ፣ "ጋሼ ዛሬ ተባረክን" እያለ ሲወጣ ደስ ይላል። ደስታው ሱስ ይሆናል። መብራቱን ስታደበዝዙ፣ ኪውን በመጨረሻው ዙር ግማሽ ድምፅ ከፍ ስታደርጉ፣ ድራሙን አቁማችሁ መልሳችሁ ስታስገቡት ሰው እንደሚነካ ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀዋለሁ፤ ተጠቅሜበታለሁም። ሁሉም ጊዜ ስህተት ነው አልልም፤ ሙዚቃ ልብን እንዲነካ ነው የተሠራው። ግን ነቢዩ አሞጽ የዝማሬአችሁን ጩኸት ከእኔ አርቁ የሚለውን ቃል ሲናገር የሰማው ሕዝብ በደንብ የሚዘምር ሕዝብ ነበር። ቀጥሎ የጠየቃቸው ፍትሕ ነው። ስለዚህ ሰኞ ደብተሬ ላይ ከመዝሙሮቹ ስር ሌላ መስመር አለኝ፤ በዚህ ሳምንት ከቡድኑ ውስጥ ማንን በደልኩ? አንዳንድ ሰኞ ያ መስመር ከመዝሙሮቹ ዝርዝር ይረዝማል።

ያንን ወጣት "ኪቦርዱን ከመግዛትህ በፊት ሐሙስ ና፣ ከጥናት በኋላ ገመድ እንጠቅልል" አልኩት። የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገመዶች እንደ ልብስ ማስጫ ሲባጎ በክርኑ ላይ ጠመጠማቸው። እንደዚያ ሲጠመጠም ውስጡ ያለው ሽቦ ይጣመማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በመዝሙር መሃል መንጫጫት ይጀምራል። አራተኛውን ተቀበልኩትና አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ውስጥ እያደረግኩ አሳየሁት። አምስተኛውን እሱ ሞከረው። ተበላሸ። ፈታውና እንደገና ጀመረ።