ስለ ቋንቋና ስለ ካርታ ጠይቁኝ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ሆስፒታሎች ለ16 ዓመታት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሜአለሁ። አሜሪካውያን ስለ እኛ ቋንቋና አገር፣ እኛም ስለ እነርሱ ምን ያህል እንደምናውቅ ጠይቁ። የቪዛ ጥያቄ አልመልስም።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ አሜሪካውያን አፍሪካ አንድ አገር ትመስላቸዋለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሚመስላቸው አሉ፤ የማይመስላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ናሽናል ጂኦግራፊክ ባስጠናው ጥናት፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው አሜሪካውያን 63 በመቶው ኢራቅን በካርታ ላይ ማግኘት አልቻሉም። ያውም ወታደሮቻቸው እዚያ እየሞቱ። መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ የሚጠይቁበት ቪዲዮ ግን ማስረጃ አይደለም፤ በትክክል የመለሰው ሰው ተቆርጦ ይቀራል።

ከሲያትል፦ ዘመዶቼ «ዋሽንግተን አይደለህ? ዋይት ሀውስን አየኸው?» ይሉኛል።

መልስ፦ ካርታ ላክላቸው። ሲያትል ያለችው በዋሽንግተን ግዛት ነው፤ ዋይት ሀውስ ግን በዋሽንግተን ዲሲ።

ከጅማ፦ አማርኛ ለፈረንጅ ይከብዳል?

መልስ፦ ለየትኛው ፈረንጅ? ጥያቄ ስትጠይቁ ለይታችሁ ጠይቁ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆነ፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ የአማርኛ ሥልጠና 44 ሳምንት ይመድባል፤ ለዐረብኛና ለቻይንኛ 88።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ የ12 ዓመት ልጄ ታስተረጉምላታለች። እንግሊዝኛዋ በጣም ጥሩ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እኅቴ። የልጅሽ እንግሊዝኛ አላሳሰበኝም፤ አማርኛዋ ነው። አንዲት እናት «ብርድ መትቶኝ ነው» አሉ፤ የልጅ ልጃቸው ቃል በቃል ገለበጠው፤ ሐኪሙም ጉንፋን ብሎ ጻፈ። እርሳቸው ያሉት ግን ከትከሻ እስከ ጉልበት የያዛቸውን ቁርጥማት ነበር። ወገቡን የታመመ ሰው «ኩላሊቴን» ይላል፤ ሐኪሙ የኩላሊት ምርመራ ያዝዛል። ደግሞስ ሴት አያት ስለ ማሕፀኗ በ12 ዓመት ልጅ አፍ እንዴት ትናገር? ዝም ትላለች። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ! በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችንም እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። አንቺ ግን ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ነሽ፤ ይህ ሕግ አይመለከትሽም። ቢሆንም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ ያሉት ሜክሲኮዎች አስተርጓሚ ወዲያው ያገኛሉ፤ እኛ ነን የምንጠብቀው።

ከአርሊንግተን፦ ሜክሲኮዎች አይደሉም። በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያው ናቸው።

መልስ፦ ያው ናቸው? «ናይጄሪያዊ ነህ?» ሲሉህ ታዲያ ለምን ፊትህ ይጠቁራል? እዚህ አብረሃቸው እየኖርህ አገራቸውን አልጠየቅህም፤ እነርሱ ኢትዮጵያን ባያውቁ ግን ትስቃለህ።

ከአርሊንግተን፦ ሜክሲኮስ ብትሆን ምን ነውር አለው? ጣሊያን ሲወርረን ወረራውን አልቀበልም ያለች አገር ናት። ሜክሲኮ አደባባይ በከንቱ አልተሰየመም። በሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ የባቡር ጣቢያ አለ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሜሪካም አልተቀበለችም። የአሜሪካ አደባባይ የታለ?

መልስ፦ የአደባባዩን ክርክር ሌላ ቀን።

ከሐዋሳ፦ አሜሪካውያን አፍሪካን እንደ አንድ አገር ያያሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ቪዲዮም እንዳትልክልኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የእናቴ ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ቀጠሮውን ለሰጣችሁ ክፍል ዛሬውኑ ደውዪ። «የአማርኛ አስተርጓሚ» በዪ፤ «የኢትዮጵያ ቋንቋ» አትበዪ። «ኢትዮጵያዊኛ» ብለው ከመዘገቡ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ይመደብልሽና እናትሽ ሳይታከሙ ይመለሳሉ። የጻፉትን መልሰው እንዲያነቡልሽ ጠይቂ።