«ፏፏቴ» ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የ9 ዓመት ልጄ «ፏፏቴ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ጠይቃኝ መልስ አጣሁላት። ድምፅን በመምሰል የተፈጠረ ቃል ነው የሚባለው እውነት ነው? እንዲህ ያሉ ቃላትን በቁም ነገር ጽሑፍ ውስጥ መጠቀምስ ያስነውራል?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። ከገደል የሚወርድ ውሃ «ፏ» ይላል፤ ድምፁ ስለማያቋርጥ ቃሉ ይደገምና ውሃው «ተንፏፏ» እንላለን፤ «ፏፏቴ»ም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። በአቅራቢያዎ ያለውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስም ልብ ብለው ቢያዩት፣ «ጢስ» ያሰኘው ዓይን ከሩቅ የሚያየው የውሃ ብናኝ ሲሆን፣ «ፏፏቴ» ያሰኘው ግን ጆሮ የሚሰማው ነው። ወንዙ በሚሞላበት በመስከረም ልጅዎን ወስደው ቢያሰሟት መልሱን ራሷ ታገኘዋለች።

አማርኛ እነዚህን ድምፆች በሥርዓት ነው የሚያስተናግደው። አንዳንዴ «አለ»ን ያስከትልላቸዋል፤ በሩ «ኳ አለ»፣ ደረቅ ቅጠል «ኮሽ አለ»፣ ውሃ ጠብ ያለበት የጋለ ምጣድ «ቸስ አለ» እንላለን። አንዳንዴም ድምፁን ደግሞ ከፊቱ «ተን» ወይም «አን» ያስገባና «ተንኳኳ»፣ «አንኳኳ»፣ «ተንኮሻኮሸ»፣ «ተንጫጫ» ይላል፤ «ኳኳታ»፣ «ኮሽታ» እና «ጫጫታ» የሚሉት ስሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሽሮ ቱክ ቱክ እያለ ሲፈላ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው «ተንተከተከ» ለሚለው ግስ ሌላ ማስረጃ አይሻም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «ዱብ» ነው፤ ለአንዲት የውሃ ጠብታ «ጠብ»፣ ከላይ ለሚወድቅ ከባድ ነገር «ዱብ» እንላለን፣ ሳይታሰብ የሚወርድብንን መከራም በዚያው ድምፅ «ዱብ ዕዳ» ብለነዋል።

ይሁን እንጂ «አለ» የሚከተለው ቃል ሁሉ ድምፅ አይደለም፤ «ብልጭ አለ» ለዓይን ነው፣ «ዝም አለ» ደግሞ ጭራሽ የድምፅ አለመኖር ነው።

ነውርን በተመለከተ፣ «ኳ አለ» ለውል ሰነድ እንደማይስማማ እሙን ነው፤ ለትረካና ለገለጻ ግን የሚተካው የለም። ከድምፅ የተወለዱት ግሶችማ የትም ይገባሉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 7 ላይ «መዝጊያን አንኳኩ» ሲል፣ የበሩ «ኳ ኳ» እዚያው ቃሉ ውስጥ ይሰማል።