ከበሩ ጀርባ የተሰማ ኑዛዜ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አፍንጮ በር ባለው ቤቷ ስድስት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሁለቱ እህቶቼ አግብተው ወጥተዋል። ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት ንስሐ አባታችን መጥተው አናዘዟት። እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ «ቤቱ ለወንዱ ልጄ ነው፤ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን» ስትል ሰማሁ። በጽሑፍ ግን ምንም የለም። አሁን እህቶቼ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ቤቱ ለሦስት ይካፈል ብለው ከሰሱኝ። ንስሐ አባታችንን ይመስክሩልኝ ብላቸው እምቢ አሉኝ። እህቶቼ የእናታቸውን ቃል አፍርሰው እየቆረቡ ነው። ውግዘቱ አይደርስባቸውም? ካህኑስ እውነቱን መደበቃቸው አግባብ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእናትህን ነፍስ ይማርልን። ስድስት ዓመት ማስታመም ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊቱን የሚያውቀው ያስታመመ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ የምለው ስለሚመርህ ነው።

እዚህ ከተማ «ልደታ» ሲባል ግማሻችን ቤተ ክርስቲያኗን፣ ግማሻችን ፍርድ ቤቱን እናስባለን። ጎረቤት ናቸው። ጠዋት ከኪዳን ስወጣ አንዷ ፌስታል ሙሉ ወረቀት በነጠላዋ ሸፍና፣ ደጁን ተሳልማ ወደ ችሎት ትሮጣለች። ቆም ብላ «ይጸልዩልኝ» ካለችኝ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ውርስ ነው። ተከሳሹም ወንድሟ ነው። ያንተን ጥያቄ የመሰለም ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። «መምህር፣ ካህን ፊት የተነገረ እኮ ነው!» ይሉኛል።

አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቶናል። ኃጢአትን ለካህን መናገርም ኑዛዜ፣ ንብረትን ለወራሽ መተውም ኑዛዜ። በድሮው ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ አልጋ ዳር ይፈጸሙ ስለነበር መደባለቁ አይገርምም። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ካህኑ መጀመሪያ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ ኃጢአቱን ይሰማል። ከዚያ በሩ ይከፈታል። ዘመድ ጎረቤት ይጠራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። በሬው ለእገሌ፣ መሬቱ ለእገሌ የሚባለው ሁሉም እየሰማ ነው። በተዘጋ በር የተነገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ በተከፈተ በር የተነገረው ለሰው።

እናትህ የተናገረችው በሩ ተዘግቶ ነው። ንስሐ አባታችሁ ያንን አውጥተው ችሎት ላይ ቢናገሩ ነበር የምወቅሳቸው። ዛሬ ለአንተ ጥቅም አፋቸውን የከፈቱ ካህን ነገ የአንተን ኃጢአት እንዴት ይሸፍናሉ? ኑዛዜ የሚለው ቃል በግእዝ ሥሩ ማጽናናት ነው። እመቤታችንን «ናዛዚትነ» የምንላት ለዚህ ነው። ካህኑ ገብተው አንዲት የምትሞት ሴት ያጽናኑበትን ሰዓት የሙግት ማስረጃ ልታደርገው አትችልም።

ከዚህ ሌላ፣ በሕጉም አይጠቅምህም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ሰው ስለሚጠይቀኝ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንብቤያለሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው ይፈረማል። ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚጽፈውም አለ። የቃል ኑዛዜንም ሕጉ አልጣለውም፤ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። የሚሠራው ግን ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታም ብቻ ነው። (በ500 ብር አንድ ኪሎ ሥጋ የሚሸጥ ካገኘህ ለእኔም ጠቁመኝ።) ቤት በቃል አይተላለፍም። ስለዚህ ንስሐ አባታችሁ ቢመሰክሩልህ እንኳ ቤቱ ያንተ ብቻ አይሆንም ነበር። የእሳቸው ክህነት ግን ይሄድ ነበር።

ስለ ውግዘቱ። ማሰርና መፍታት ጌታ ለሐዋርያት የሰጠው ሥልጣን ነው (ማቴ 18፥18)፤ ከእነሱም ለካህናት መጣ። እናት ልጇ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ፈርታ የተናገረችው ቃል ጭንቀት ነው፣ ፍቅር ነው። ግዝት አይደለም። ደግሞስ እህቶችህ ያልሰሙትን ቃል እንዴት ያፈርሳሉ? ሰማሁ የምትለው አንተ ብቻ ነህ፤ ቤቱ የሚደርሰውም ለአንተው ነው። መጽሐፍ ከንቱ እርግማን በማንም ላይ አይደርስም ይላል (ምሳ 26፥2)።

ጥያቄህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አይደርስባቸውም?» ስትል እንዳይደርስባቸው ሰግተህ አይመስልም። ይደርስባቸዋል ብዬ እንዳጸናልህ ነው የፈለግከው። ወንድሜ፣ ይህን ከልብህ አውጣው። ከቤቱ በፊት እሱ ይጎዳሃል።

«ወንድም ወንድሙን ይከሳልን?» የሚለውን የቆሮንቶስ መልእክትም ሳታነሳው አትቀርም። የሚገርመው፣ ይህን ጥቅስ የሚያነሳልኝ ሁልጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። ውጭ ያለው ሲጠቅሰው ሰምቼ አላውቅም። ጳውሎስ እዚያው ላይ «ብትበደሉ አይሻልምን?» ብሏል (1ኛ ቆሮ 6፥7)፤ ይህ ለከሳሽ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም ሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ጠይቀዋል። እግዚአብሔርም እውነት ተናገሩ አለ እንጂ አልተቆጣም (ዘኁ 27፥7)።

ታዲያ ልፋትህ ሜዳ ይቅር? አይቅር። ግን በራስህ አፍ ጠይቀው። «እማዬ ብላለች» አትበል። «ስድስት ዓመት ደክሜያለሁ፤ ይህ ቤት ከተሸጠ የት ልግባ?» በላቸው። እንደሚመስለኝ ከመጀመሪያውም ያስጨነቀህ ይኸው ነው፤ እንዲህ ብለህ ጠይቀሃቸውም አታውቅም። ልጆች በሕግ እኩል ይወርሳሉ። እህቶችህ ግን ልፋትህን አስበው ከድርሻቸው ቢቀንሱልህ የሚከለክላቸው የለም። ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ከተስማማችሁ እርቁን ጽፋችሁ ለችሎቱ አቅርቡ፤ ፍርድ ቤቱ አይቶ ያጸድቀዋል። እምቢ ካሉም ሦስተኛ እጅህን ተቀበል።

ከመስቀሉ ሥር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍፍል ነበር። ወታደሮቹ የጌታን ልብስ ለአራት ተካፈሉ፤ እጀ ጠባቡ እንዳይቀደድ ዕጣ ተጣጣሉበት። ዮሐንስ ደግሞ «እናትህ እነኋት» ተባለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ 19፥23-27)። ዮሐንስ ስለ ልብሱ ምንም ሲል አልተጻፈም። አንተም ስድስት ዓመት ሙሉ የዮሐንስን ድርሻ ይዘህ ነበር።

በሚመጣው ሙት ዓመት እህቶችህን ራስህ ጥራቸው። ከዚያ በፊት ግን ንስሐ አባታችሁ ጋ ሂድና በክፉ ስላነሳሃቸው ይቅርታ ጠይቃቸው። ስለ በሩም ንገራቸው።