ከታች ክብ፣ ከላይ ማዕዘን የሆነ የጀልባ ምሰሶ

ከሲያትል አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዝቼ እያደስኩ ነው። የሸራ ምሰሶዋ ተሰንጥቆ በመኪና ስቱኮ ተደፍኖ ነበር። ከስፕሩስ እንጨት አዲስ ጠረብኩ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ግርጌው 80 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ 50 ነው። የገዛሁት ሞርሳ አልይዝ ስላለኝ በጉልበቴ ደግፌ ነው የላጥኩት። ከታች ቆንጆ ክብ ወጣ፤ ወደ ላይ ግን ማዕዘን ማዕዘን ይላል። በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገውም እምቢ አለ። ጫፉን በካሊፐር ስለካው በአንድ በኩል 50፣ ትንሽ ሳዞረው 38 ነው።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ጉልበትህ። ባለ ሁለት እጀታውን መላጫ ወደ ራስህ እየሳብክ እንጨቱን በጉልበት መደገፍ የለም! ስለቱ አንዴ ካመለጠ ጭንህ ላይ ነው የሚያርፈው። ርካሽ ሞርሳ ሁለት ቀን ይይዝና ጥርሱ ያልቃል። ደህና ሁለት ግዛ።

ወደ ምሰሶው ስመጣ፣ 38 የምትለዋን ሳይ ነገሩ ገባኝ። ክብ ምሰሶ የሚወጣው ከአራት ማዕዘን እንጨት ነው፤ መጀመሪያ አራቱን ጠርዞች ቆርጠህ ስምንት ጎን ታወጣለህ፣ ከዚያ ታከበዋለህ። ግርጌው ላይ ከጠርዝ 23 ሚሊ ሜትር ለክተህ፣ ያንኑ መስመር እስከ ጫፍ ወስደኸዋል። ለ80 ልክ ነው። 50 ላይ ግን ከሁለቱም በኩል 23 ስታነሳ መሀል የሚተርፈው 4 ብቻ ነው። ስምንት ጎን አወጣሁ ስትል ዞር ያለ አራት ማዕዘን ሠራህ። እንጨቱ ሄዷል፤ ብትፈትገው አይመለስም።

እንጨቱ ሲቀጥን መስመሩንም አብሮ የሚያጠብ መለኪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ጣውላ ነው። ሁለት ቀጭን ምስማር ምታበት፤ ከውስጥ እስከ ውስጥ 96 ሚሊ ሜትር ይራራቁ። ከእያንዳንዱ ምስማር 28 ገባ ብለህ ቀዳዳ በስተህ እርሳስ ሰካ። በእርሳሶቹ መካከል 40 ይቀራል። በምጣኔ 7፣ 10፣ 7 ማለት ነው። ለምን 7 እና 10? ከማዕዘኑ በሁለቱም በኩል 7 ለክተህ ስትቆርጥ፣ የተቆረጠው ፊት ስፋቱ 10 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። መሀል የተረፈውም 10 ነው። ስምንቱም ጎን እኩል ወጣ። አሁን መለኪያውን እንጨቱ ላይ አድርገህ፣ ሁለቱም ምስማሮች ግራና ቀኝ ጎኑን እስኪነኩ ጠምዘዝ አድርገህ ጎትት። እንጨቱ በቀጠነ ቁጥር ይበልጥ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝ 28ቱም 40ውም በአንድ ልክ ያጥራሉ፤ ምጣኔው አይፈርስም። 80 ላይ 23 ገደማ፣ 65 ላይ 19፣ 50 ላይ 14 ተኩል ራሱ ያሰምርልሃል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም። ወረቀትም ስሌትም አይፈልግም።

ያሁኑን ምሰሶ አታቁመው። ጫፉን በ38 ላክብበው ብትል፣ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ከ50ው ግማሽ በታች ይወርዳል። የጎደለውን በስቱኮ መሙላትም አይታሰብ። ስቱኮ ጭነት አይሸከምም፤ ከሥሩ ውሃ ይዞ እንጨቱን ያበሰብሳል። ያንን በቫርኒሽ አሳምሮ የሸጠልህ ሰው ነውር ሠርቷል። ክብ የወጣውን የታችኛውን ክፍል ቁረጥና የሸራውን ግርጌ ለሚይዘው አግዳሚ ዘንግ ተጠቀምበት።

ሌላ አዲስ ምሰሶ ስትጠርብ፣ እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ አቅጥነው። አራቱም ጎን ሳያልቅ ጠርዝ አትንካ። ከዚያ በመለኪያው አስምርና ስምንት ጎን አውጣ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጎን በስፋቱ ከግራም ከቀኝም ሩቡን አስምር፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ጠርዝ በመላጊያ ስታነሳ አስራ ስድስት ይሆናል። ከዚህ በኋላ እጅህን በዙሪያው አሂድ፤ ዓይንህ ያላየውን ጉብታ መዳፍህ ያገኘዋል።

መጨረሻ ላይ ረጅም የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ጠምጥመህ እንደ ሊስትሮ ጨርቅ ወዲያ ወዲህ ሳብ፤ ከዚያ በቁመቱ ፈትግ። ያኔም ቢሆን ምሰሶው በሞርሳ ይታሰር፤ ጉልበትህ ከሥራው ይራቅ።