«ሰልጣኝ ነኝ» ማለት ከተጠያቂነት ያድናል?

ጥያቄ፦ በመሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሁለተኛ ዓመት የኦርቶፔዲክ ሬዚደንት (የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) ነኝ። ዱቲ ላይ ሳለሁ ቅልጥሙ የተሰበረ የ19 ዓመት ወጣት መጣ። አደጋው የደረሰበት ከቀትር በኋላ ሲሆን ቤተሰቦቹ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወስደውት በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ነበር። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ፈትቼ ሙሉ ጀሶ አሰርኩለት። ሌሊት 7 ሰዓት ሕመሙ ሲበረታ ማስታገሻ አዘዝኩ። 9 ሰዓት ላይ ለሲኒየሬ (ለሚቆጣጠረኝ የበላይ ሐኪም) ደወልኩ፤ «እስከ ጠዋት ተከታተለው» አለኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ጀሶው ሲከፈት ጡንቻው ሞቷል፤ በኋላም እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቤተሰቡ ለፖሊስ አመልክቷል፣ ሆስፒታሉም በ3 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ጠይቆኛል። ተጠያቂው ሲኒየሩ አይደለም? የስልኩን ጥሪ ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም፤ አሁን ብጨምረውስ?

መልስ፦ ዶክተር፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሁሉንም ሊያበላሽብዎት የሚችለው እሱ ነውና። ካርዱን አይንኩ። አቤቱታ ከቀረበ በኋላ የገባች አንዲት መስመር ከነርሷ የክትትል ቅጽ ጋር ስትመሳከር ትጋለጣለች። ያን ጊዜ የቸልተኝነት ጥርጣሬ የነበረው ጉዳይ ሐሰተኛ ሰነድ ወደ ማዘጋጀት ክስ ይሻገራል።

ጥሪውን በሌላ መንገድ ማስረዳት ይችላሉ። በስልክዎ ላይ ያለውን የጥሪ ዝርዝር ዛሬውኑ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ከኢትዮ ቴሌኮምም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ ይቻላል። ይህ ማስረጃ መደወልዎን እንጂ የተባባላችሁትን አያሳይም። ስለዚህ ሲያወሩ የሰማ ነርስ ወይም ኢንተርን ካለ ስሙን ይያዙ። የዚያን ሌሊት ተረኛ ሲኒየር ማን እንደነበር የሚያሳየውን የዱቲ ሮስተርም ቅጂ ያውጡ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 በአንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ለሰልጣኝ ዝቅ ያለ መለኪያ ለይቶ አላስቀመጠም። ነገር ግን የሙያው ደንብ ራሱ ከየደረጃው የሚጠብቀው ይለያያል። ከሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ያለ ሲኒየር ፋሺዮቶሚ (ግፊት የበዛበትን የጡንቻ ክፍል በቀዶ ሕክምና መክፈት) እንዲሠራ አይጠበቅም። አደጋውን ለይቶ በጊዜ ሰው እንዲጠራ ግን ይጠበቃል። ክርክሩም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የባለሙያ አስተያየት የሚሰጠው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰዓት በሰዓት ይመረምራል። አዲስ የተሰበረና እያበጠ ያለ ቅልጥም ለምን በሙሉ ጀሶ ተዘጋ? ለምን በባክስላብ (ከኋላ ብቻ በሚደረግ ግማሽ ጀሶ) ብቻ አልተደገፈም? ሕመሙ ሲበረታ ጀሶው ከነጥጡ እስከ ቆዳው ለምን አልተሰነጠቀም? 7 ሰዓት ላይ ማስታገሻው ከመታዘዙ በፊት የእግር ጣቶቹ ሲዘረጉ ያመው እንደሆነ ታይቷል ወይ? «የደም ምቱ ይሰማ ነበር» የሚለው መልስ አያድንም፤ በኮምፓርትመንት ሲንድሮም፣ ማለትም በተዘጋው የጡንቻ ክፍል ውስጥ ግፊት ጨምሮ ደም ሲከለክል፣ የደም ምት እስከ መጨረሻው ላይጠፋ ይችላል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ወደማይመለስ ጉዳት ይገባል። ከሌሊቱ 7 እስከ ጠዋቱ 1 ደግሞ ልክ 6 ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር የከሳሽ ጠበቃ እንደሚያነሳው አይጠራጠሩ።

የወጌሻው እስር ቀላል ነገር አይደለም። ቀርከሃውን ሲፈቱ ያዩትን፣ እብጠቱን፣ ውሃ የቋጠረውን ቆዳ፣ የጣቶቹን ስሜት ጽፈው ከሆነ ጉዳቱ ከየት እንደጀመረ ለማስረዳት ትልቅ ማስረጃ ነው። ካልጻፉ ግን ጉዳቱ ሁሉ ከእርስዎ ጀሶ በኋላ የመጣ ይመስላል።

ሲኒየሩ ተረኛ ሆኖ፣ በማስታገሻ ያልበረደ ሕመም ጀሶ ውስጥ እንዳለ ተነግሮት ካልመጣ፣ የራሱ ጥፋት ነው። በስልኩ የተነገረው ቃል ግን ይወስናል፤ «ትንሽ ያመዋል» እና «ጣቱን ስዘረጋው ይጮኻል» አንድ አይደሉም። ደግሞም የእሱ ጥፋት የእርስዎን አይሰርዝም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2155 ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ብዙ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ማለትም ተጎጂው ሙሉውን ካሳ ከአንዳቸውም መጠየቅ ይችላል።

ካሳውን በተመለከተ ያን ያህል አይሸበሩ። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ፣ ማለትም በሥልጣንዎ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም በቅን ልቦና እየሠሩ የተፈጸመ ከሆነ፣ በአንቀጽ 2126 እና 2127 ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ግን የከፈለውን ከእርስዎ ሊያስመልስ ይችላል። ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚቀርብ ክስ በአንቀጽ 2143 በ2 ዓመት ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ከዚያ የሚረዝም ከሆነ የሚሠራው ረጅሙ ነው። ስለዚህ 2 ዓመት አለፈ ብለው ማስረጃዎን አይጣሉ።

የወንጀል ኃላፊነት ግን የግል ነው፤ ሆስፒታሉ አይሸከምልዎትም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ያስቀጣል፤ አድራጊው እንደ ሐኪም ወይም አሽከርካሪ የሌላውን አካልና ጤና የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ያለበት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ፖሊስ ሲጠራዎት ከጠበቃ ጋር ይሂዱ። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መልስ ለመስጠት አይገደዱም።

ለሆስፒታሉ የሚሰጡት መልስ ነገ ልደታ ችሎት ፊት የሚነበብ ወረቀት መሆኑን አስበው ይጻፉት። መጀመሪያ የሙሉ ካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በ3 ቀን ካልተሰጠዎት ጊዜ እንዲራዘም ያመልክቱ። ከዚያ ያዩትን፣ ያደረጉትን፣ የደወሉበትን ሰዓት በቅደም ተከተል ያስፍሩ። ጥሪው ካርዱ ላይ አለመመዝገቡን ራሱ ይግለጹ፤ ቀድመው የተናገሩት ጉድለት ተደርሶበት ከወጣ ጉድለት ይሻላል። ያላስታወሱትን አይገምቱ፣ ሲኒየሩን አይስደቡ። መልሱን በመዝገብ ቤት ሲያስገቡ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም ያስመቱ።