ከ«ት/ቤት» እስከ «ነ/ይማር»፦ በስልክ መልእክት ላይ ቃል ማሳጠር ነውር ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ። ልጄ ያለው አሜሪካ፣ ዲሲ አካባቢ ነው። በቴሌግራም እንዲህ እያለ ይጽፍልኛል፦ «ሰላም እማዬ ደና ነሽ? እኔ እ/ር ይመስገን ደና ነኝ። ገ/ብ ልኬልሻለው። ነገ በ3 ሰዓት እደውላለው።» በቅርቡ ደግሞ እሱን አዝለው ያሳደጉ ጎረቤታችን አርፈው ለልጃቸው «ነ/ይማር» ብሎ ብቻ ላከ። እኔን አፈር አስመሰለኝ። ስቆጣው «እማዬ፣ ሜሴጅ እኮ ነው!» ይለኛል። ለመሆኑ በአጭር መልእክት ላይ ቃል እየቆረጡ መጻፍ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይፈቀዳል። ማሳጠሩ በራሱ ነውር የለበትም። ልጅዎ የሳተው የት ቦታ እንደሚቆረጥና ለማን እንደማይቆረጥ ነው። ይህን ደግሞ ከራሱ መልእክት ላይ እያነሳን እንየው።

አማርኛ ስልክ ሳይኖር ጀምሮ ያሳጥራል። እርስዎም በሥራ ዘመንዎ «ት/ቤት» ብለው ያልጻፉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ መ/ቤት፣ ዓ.ም. ሁሉም ቁርጥራጭ ናቸው፤ ማንም ግን አይቆጣባቸውም። «ወዘተ» ራሷ «ወዘተረፈ» ከሚለው ግዕዝ ተቆርጣ የቀረች ናት። ዛሬ እንደ ሙሉ ቃል ነው የምናያት። ወደ ቤተ ክህነት ብንሄድም ያው ነው። በድጓው (በዜማ መጽሐፉ) ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚሰፍረው የዜማ ምልክት ከሌላ ቃል ወይም ሐረግ የተወሰደ ፊደል ነው። መሪጌታው እሷን አይቶ ዜማውን ያነሣል። የድሮው ቴሌግራም ደግሞ (የዛሬውን አፕ ማለቴ አይደለም) ሒሳቡ በቃል ነበር። «እናትህ ታማለች ቶሎ ና» ብሎ ለላከ ሰው፣ ሰላምታው የት አለ ያለው የለም።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። አንባቢው ሙሉውን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋል። ምህጻረ ቃል የሚሠራው በስምምነት ነው። «ት/ቤት»ን ሰው ሁሉ የሚያነበው ሰው ሁሉ ስለተስማማበት ነው። «ገ/ብ»ን ግን ልጅዎ ዛሬ ፈጠራት። እናት ነዎትና ብር እንደሚልክ ስለሚያውቁ ገመቱት። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ሊል ይችላል? በመሥሪያ ቤት የተለመዱት እንኳ ያደናግራሉ። «መ/ቁ» የሚል መልእክት ቢደርስዎት የመታወቂያ ቁጥር ነው፣ የመዝገብ ቁጥር ነው ወይስ የመለያ ቁጥር? «ወ/ማርያምን ጥራልኝ» ቢባልስ? ወልደ ማርያምም ወለተ ማርያምም በዚችው እዝባር (/) ሥር ይደበቃሉ።

ደግሞ ቁጠባውን እንቁጠረው። «ገንዘብ» አራት ፊደል ነው። «ገ/ብ» ከነእዝባሩ ሦስት። አንድ ፊደል ለማትረፍ፣ በብዙ ስልክ ላይ እዝባሯን ፍለጋ ወደ ምልክቶች ገጽ ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል። ሙሉውን ቢጽፈው ይፈጥን ነበር። «እ/ር» ግን ሌላ ነው። «እግዚአብሔር» ሰባት ፊደል ስለሆነ አራት ያተርፋል፤ አንባቢውም ያውቀዋል። እኔ በቤተሰብ መካከል አልከለክለውም። ለራሴ ብጠየቅ ግን «እግዜር ይመስገን»ን እመርጣለሁ። እሱም ከ«እግዚአብሔር» ያጠረ ነው፤ ያጠረው ግን በአፍ ስለሆነ ሲነበብ ድምፅ አለው። በነገራችን ላይ በእስልምና ጽሑፎች ውስጥም ከነቢዩ ስም ቀጥሎ «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም»ን «ሰ.ዐ.ወ» ብሎ ማሳጠር የተለመደ ሲሆን ብዙ ዑለማዎች ግን ሙሉውን መጻፍ ይመክራሉ። ስሜቱ ይገባኛል።

«ደና»ን ይተዉለት። ስንናገር «ህ»ዋን አንጠራትም፤ የስልክ መልእክት ደግሞ በአብዛኛው በጽሑፍ የሚደረግ ወሬ ነው። «ከዚያ» «ከዛ» ቢሆን፣ «ይህ» «ይሄ» ቢሆን ለእናቱ ሲጽፍ ምንም አይደለም። ማመልከቻ ላይ ካልመጣ በቀር።

«እደውላለው» ላይ ግን አልታገሥም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማሳጠር ያየዋል። ማሳጠር አይደለም። «አለሁ» ሦስት ፊደል ነው፣ «አለው»ም ሦስት ፊደል ነው። ምን ተረፈ? የተረፈ የለም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። «እደውላለሁ» ማለት «እደውል» እና «አለሁ» ተጣብቀው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሁ» «እኔ» ማለት ናት። «አለው» ግን የሌላ ሰው ነው፤ «ገንዘብ አለው» እንደምንለው። የታመመ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «አለሁ» ይላል። እንግዲህ ይህንኑ «አለው» ብሎ ቢጽፈው ማን ምን እንዳለው ይፈለጋል። ስሕተቱ የመጣው ከአነጋገር ነው። በተለይ በአዲስ አበባ አነጋገር የ«ሁ» ድምፅ ተውጣ «ው» ትመስላለች። በብዙ የፊደል መተየቢያም «ው» በአንድ ንክኪ ስትወጣ «ሁ» ሁለት ትፈልጋለች። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን አልቀበለውም።

ነገሩ ከአንዲት «ሁ» ያልፋል። አማርኛ ሰውን የሚያስቀምጠው ግሱ ጫፍ ላይ ነው። ነህ፣ ነሽ፣ ነዎት፣ ናችሁ። ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ አንተ ይባል አንቱ፣ ሁሉም እዚያች ጫፍ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ስም ሲቆረጥ ትርጉሙ ሊተርፍ ይችላል፤ የግስ ጫፍ ሲቆረጥ ግን አክብሮቱ አብሮ ይሄዳል። ለአማትህ «እንዴት አደሩ» እና «እንዴት አደርሽ» መካከል ያለው ርቀት የፊደል ርቀት አይደለም።

ፊደላችን ደግሞ ከመጀመሪያውም ቆጣቢ ነው። መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አልመጣም» የምትለዋን ይመልከቱ። «ጣ» ስትጠብቅ «እሱ ሳይመጣ ቀረ» ነው። ስትላላ «እኔ መምጣቴን ትቻለሁ» ነው። በስልክ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። «አልመጣም» የሚል መልእክት ደርሶት «ማን? አንተ ወይስ እሱ?» ብሎ ያልደወለ አለ? እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መቀነስ ሳይሆን «እኔ» ወይም «እሱ» የምትል ቃል መጨመር ነው።

የመቁረጥ ልማዱ ከየት መጣ ቢሉ፣ ግማሹ ከላቲን ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ስልኮች ለዓመታት ፊደላችንን ማሳየት አይችሉም ነበር። ስለዚህ አንድ ትውልድ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ለመደ። በዚያ አጻጻፍ «ሰላም» ኤስ፣ ኤል፣ ኤም ብቻ ሆኖ ይላካል፤ ይነበባልም። አናባቢው ለብቻው የቆመ ፊደል ስለሆነ ሊጣል ይችላል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ አካል ውስጥ ስለሆነ የሚጣል ነገር የለም። ላቲኑ ሌላም ጣጣ አለው። «ልጁ መጣ» እና «ልጁ መታ» በላቲን አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ልጁን እየጠበቀ ላለ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሌላው ግማሽ የሒሳብ ነገር ነበር። በመደበኛው አጭር የጽሑፍ መልእክት ላይ፣ በላቲን ከተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደልና ምልክት ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ያኔ ፊደል መቁጠር ብር መቁጠር ነበር። ያም ሆኖ ፊደላችን የሚመስለውን ያህል አይጎዳም። «አመሰግናለሁ» በእኛ ሰባት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ወደ አሥራ ሁለት ይሆናል። በቴሌግራምና በዋትሳፕ ደግሞ ይህ የ70 ሒሳብ የለም። ልጅዎ የሚቆጥበው ማንም ያላስከፈለውን ነው።

እርስዎ ያላነሱት ግን እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ «ነገ በ3 ሰዓት» ያለው ነው። እዚህ የተቆረጠ ፊደል የለም። የጎደለው ቃል ነው። ከጠዋቱ ነው ከምሽቱ? በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? በደሴ ነው በዲሲ? በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደየወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እናት ስልክ ይዛ የምታድረው እንዲህ ባለ መልእክት ነው። «ነገ በእናንተ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብሎ ይጻፍ።

አሁን ወደ ለቅሶው። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

«ነፍስ ይማር» ስድስት ፊደል ነው። ክፍተቱን ብንጨምር ሰባት። «ነ/ይማር» አምስት ነው። ልጅዎ አዝለው ላሳደጉት ሴት የነፈገው ሁለት ንክኪ ነው። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ የሐዘን ቃል ወሬ ለመንገር አይነገርም። ሟቿ መሞታቸውን ልጃቸው ያውቃል። «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ይርሐማቸው» የምንለው ከሐዘንተኛው ጋር ለመቀመጥ ነው። ቀርበው ቢሆን ድንኳን ገብተው፣ ዝም ብለው፣ ንፍሮ ቀምሰው ይወጣሉ። ንግግሩ ጥቂት ቢሆንም አካሉ አለ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ግን ለቅሶ የሚደርሰው በዚያች መልእክት ብቻ ነው። እሷን ቆርጦ ከላከ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ከሩቅ እጅ አውለብልቦ እንዳለፈ ይቆጠራል።

ስለዚህ ለሰላምታ፣ ለቀጠሮ፣ ለ«ደርሻለሁ» እና ለ«ዳቦ ይዤ ልምጣ?» የታወቀውን ሁሉ ያሳጥር። ለሐዘን፣ ለይቅርታ፣ ለሽምግልና ለሚላክ ቃል፣ እንኳን አደረሰዎ ለሚባል ትልቅ ሰው ግን እዝባሯን ይተዋት። በተለይ በበዓል ቀን «መ/በዓል» የምትለዋን። መልካም ምኞት ማሳጠር ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

ልጅዎ ምን ብሎ ይጻፍ ካሉ፣ ረዥም መሆን የለበትም። «እማዬ ነገረችኝ። በጣም አዘንኩ። እናትህ እኔንም አዝለው ነው ያሳደጉኝ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ አንተንም ያጽናህ።» ይህ በአንድ ደቂቃ ይጻፋል። «ቅድም ያሳጠርኩት አይበቃም ብዬ ነው» ብሎ ቢጨምርበትም ሐዘንተኛው ይረዳዋል። አርባቸው ሳይወጣ ይላከው፤ ከተቻለም ይደውል።