ጥያቄና መልስ፦ አንዮ መቼ የራስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰበታ ውስጥ በግቢያችን ለ12 ወጣቶች የፊሊፒንስን የዱላ ስልት፣ አርኒስን፣ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ካራቴ የሠሩ ናቸው። የአንዮውን፣ ማለትም ብቻን የሚሠራውን ፎርም፣ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ቶሎ ያዙት። አሁን ግን አንዳንዶቹ በራሳቸው መንገድ እየለወጡ ሲሠሩ፣ ሌሎቹ «ፎርም አይነካም» ብለው ይቆጣሉ። የትኞቹን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች ከባዶ ተነስተው አይደለም። ሞደርን አርኒስ የተባለው የአርኒስ ዘርፍ መሥራች ሬሚ ፕሬሳስ ካራቴም የተማሩ ስለነበሩ፣ በአንዮዎቹ ላይ የካራቴ አቋቋም ጎልቶ ይታያል። እሳቸው ራሳቸው ግን ተማሪው ስልቱን ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር እንዲያዋህድ ያበረታቱ ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. ቬናንሲዮ ባኮን ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ውስጥ ያቋቋሙት ባሊንታዋክ የተባለው የዱላ ስልት ደግሞ ትኩረቱ ፎርም ላይ አይደለም፤ አሰልጣኙ ተማሪው ፊት ቆሞ ምት እየሰጠ፣ ምላሽ እየተቀበለ ያስተምራል። ካሬንሳ የሚሉትም አለ፦ ብቻን ሆኖ፣ ባላንጣ ፊት ለፊት እንዳለ እያሰቡ፣ ቀድሞ ያልተወሰነ ምት ማፍሰስ። የቅኔ ተማሪ ግስና አገባብ ሳይዝ አይዘርፍም፤ አንዮ ግሱ ነው፣ ካሬንሳ ዘረፋው።

ስለዚህ ይለውጡ፤ ግን ምቱ ለምን እንደሆነ ካወቁ በኋላ። አንዮውን አራት አራት ምት አድርገው ይቁረጡት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንዱን ልጅ አጥቂ ያድርጉና፣ ያ እንቅስቃሴ የሚመልሰውን ጥቃት በዝግታ 10 ጊዜ ይሰንዝር። ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ። ከካራቴ የመጡ ልጆች ስህተት እዚህ ላይ ይጋለጣል፦ ባዶውን እጅ ጨብጠው ወገባቸው ላይ ያስቀምጡታል። በአርኒስ ያ እጅ ደረት ፊት ይቆያል፤ የተቃራኒውን ክንድ የሚገፋው፣ የሚይዘው፣ ሁለተኛውን ምት የሚያፍነው እሱ ነው። ወገብ ላይ ከሆነ ሁለተኛው ዱላ ያለ ከልካይ ይገባል። ሌላው ስህተት ዱላውን ጫፉ ላይ መጨበጥ ነው። ከመዳፍ በታች ሦስት ጣት ያህል ይተርፍ፤ ፑንዮ የሚባለው ይህ ትርፍ ሲቀራረቡ ይመታል፣ እጅም ይጠልፋል።

ሊለወጥ የሚችለው ፍጥነትና ዕረፍቱ፣ የእርምጃው ርዝመት፣ የአቋቋሙ ከፍታ ነው። ክረምት ላይ በዋልካ መሬት ረጅሙ የካራቴ አቋቋም ያንሸራትታል፤ ማሳጠሩ ልክ ነው። የምቱ መስመር፣ የባዶው እጅ ቦታ፣ ከጥቃቱ መስመር የሚያወጣው እርምጃ ግን አይነኩም። ልጁ ሲለውጥ አይቆጡት፤ «እዚህ ጋ ማን ምን ሰነዘረብህ?» ብለው ይጠይቁት፣ ከዚያ ጓደኛው ያንኑ በዝግታ ይሰንዝርበት። ዱላው ከደረሰበት ለውጡ ይቅር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ሁለት ከለወጠ የትኛው እንዳበላሸበት አይታወቅም። ዋናውንም ሲጠየቅ ሳያዛንፍ መሥራት አለበት፤ ነገ ለሌላ የሚያስተምረው ዋናውን ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው የምሠለጥነው፤ ግራኝ ነኝ። አንዮውን ገልብጬ ልሥራው?

መልስ፦ ብቻሽን ስትሠሪ እንደ መስታወት ገልብጪው፤ ጉዳት የለውም። ችግሩ ከጓደኛ ጋር ሲሆን ነው። በሞደርን አርኒስ ምቶቹ ቁጥር የሚሰጣቸው በሚመታው ቦታ ነው፦ 1 የተቃራኒው ግራ ጆሮ ግንድ፣ 2 ቀኙ። ቀኝኛው 1ን ወደ ውስጥ ይመታል፤ አንቺ ግን በእጅሽ ጀርባ በኩል ነው የምትደርሺበት። አሰልጣኝሽ በሚመታው ቦታ ይቁጠር ወይስ በእጁ አቅጣጫ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካልተግባባችሁ ጣት ይሰበራል። ሲናዋሊን፣ ማለትም በሁለት እጅ ሁለት ዱላ ይዞ የሚሠራውን ልምምድ፣ በስድስት ምት አጥብቀሽ ሥሪ፦ ቀኝ ወደ ውስጥ፣ ግራ በእጅ ጀርባ፣ ቀኝ በእጅ ጀርባ፤ ከዚያ ከግራ ጀምረሽ ያንኑ። ሁለቱን እጆች እኩል የሚያሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የአርኒስ ዱላ የሚሠራበትን ራታን የተባለ ተክል አጥተናል። በምን እንተካው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ የተለመደው ዱላ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ለአንዮ ብቻ ከሆነ የተላጠና የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ወይራ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ አንጓን ያሳምማል። ዱላ ከዱላ ለማጋጨት ግን ባሕር ዛፍም ቀርከሃም አይሁን፦ ባሕር ዛፉ ስንጥሩ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ቀርከሃው በቁመቱ ተሰንጥቆ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ራታን ግን ሲያረጅ እንደ ገመድ ይላላል እንጂ እንዲህ አይሰነጠቅም። እስኪገኝ ድረስ የግማሽ ኢንች የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩት፤ ጫፎቹን ደርባችሁ ሸፍኑ፣ ዓይን ላይ መከላከያ መነጽር ይደረግ።